የልጄ ድምፅ የተኛበት ዲስክ

አማቼን፣ የልጄን ባል፣ የሥራ ባልደረቦቹ «መደርደሪያ» ይሉታል። የሚሠራው አውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ ነው፤ የመለዋወጫ ዕቃ መጋዘኑን የያዘው እሱ ነው። ምሳውን ረስቶ የሄደ ቀን እያደረስኩለት አይቼዋለሁ። ከወለል እስከ ጣሪያ መደርደሪያ፣ በየመደርደሪያው ሣጥን፣ በየሣጥኑ ግንባር ላይ በእጁ የጻፈው ስም። ቡሎኑ በውፍረቱ፣ ኩሽኔታው በስፋቱ፣ የፍሬን ሸራው በአውቶቡሱ ዓይነት ተለይቶ ተቀምጧል። መካኒኮቹ በመስኮቷ ብቅ ብለው ሲጠይቁት፣ ፊቱን እንኳ ሳያዞር እጁን ወደ ኋላ ሰዶ ያወጣላቸዋል። ታዲያ እንዲሁ አይሰጥም፤ መጀመሪያ በጨርቅ ይወለውለዋል።

«አንተ መደርደሪያ! ምን ታሻሸዋለህ? ግራሶ ውስጥ ሊነከር እኮ ነው» ይለዋል አንዱ መካኒክ።

«እዚያ የሚሆነውን አንተ ታውቃለህ። ከእኔ እጅ ሲወጣ ግን ንጹሕ ነው።»

«ሚስትህንም እንዲህ ወልውለህ ነው ከቤት የምታስወጣት?»

«እሷ ንጹሕ ናት። አንተን ቢሰጡኝ ግን በቤንዚን ነበር የምጀምረው።»

ቤትም ያው ነው። ልብሱን ለልብስ አጣቢ ከመስጠቱ በፊት አንድ ጊዜ ራሱ ያለቀልቀዋል። ጫማው ተቀዶ ጫማ ሰፊ ጋ ሲወስደው ቀለም ቀብቶ ነው። ጥርሱን ሊያስነቅል የሄደ ዕለት ያንኑ የሚነቀለውን ጥርስ ሲቦርሽ አርፍዶ ተራው አልፎታል። ስንስቅበት፣ «ሰው ፊት የሚቀርብ ነገር እንዴት ተዝረክርኮ ይቀርባል?» ይላል። እናቱ የሰው ቤት በማጽዳት ነው ያሳደገችው። «ድኻ የሚናቀው ስላጣ አይደለም፣ ስለተዝረከረከ ነው» ትለው ነበር። ነገሩ ከጡት ጋር የገባ ነው፤ አይለቅም።

መጋዘኑ ውስጥ ደግሞ አንድ ሕግ አለው። ስም ያልተጻፈበት ዕቃ ውዳቂ ብረት ነው፤ ወደ ግቢው ጥግ ይጣላል።

ልጄ የአውቶቡስ መናኸሪያው ድምፅ ነበረች። የትኛው አውቶቡስ ከየትኛው በር እንደሚነሣ፣ የጠፋ ልጅ የት እንደተገኘ፣ ዝናብ መንገድ የዘጋ ቀን ተሳፋሪው ምን ማድረግ እንዳለበት በድምፅ ማጉያው የምትናገረው እሷ ነበረች። ጋራዡ ከመናኸሪያው ጀርባ ስለሆነ አማቼ መልኳን ሳያይ ድምፅዋን ለመደ። አንድ ቀን ጉንፋን ይዟት ድምፅዋ ሲሻክር ቢሰማ ትኩስ ሻይ በፔርሙስ ይዞ ክፍሏ ድረስ ሄደ። «ማንን ነው የሚፈልጉት?» አለችው። «ድምፅሽ ስለታመመ ነው» አለና ፔርሙሱን አስቀምጦ፣ አፍሮ፣ ወጣ። በዚያው ተጋቡ።

ልጃቸው ገና ጡት ሳትጥል ልጄን ጉሮሮዋን ይቆረቁራት ጀመር። ጉንፋን ነው ስንል፣ አቧራ ነው ስንል፣ ሐኪሙ ሌላ ነገር ነው አለ። ማንቁርቷ መውጣት አለበት፤ ካልወጣ እሷም አትተርፍም አለ። አማቼ «ከዚያ በኋላስ ትናገራለች?» ብሎ ጠየቀ። ሐኪሙ እስክሪብቶውን ከኪሱ አወጣና መልሶ ከተተው።

ልጄ አላለቀሰችም። «ልጄ የእናቷን ድምፅ ሳታውቅ አታድግም» አለች። መኝታ ቤት ገብታ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረደች፤ ኮምፒውተሩ ላይ ማይክሮፎን ሰካች፤ ሕፃኗ ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ በወሰዳት ቁጥር ድምፅዋን ትቀዳ ጀመር። ተረት ነገረቻት። እሹሩሩ አለቻት። ትምህርት ቤት ስትገባ የምትመከረውን፣ ስታጠፋ የምትቆጣውን፣ ስትዳር የምትመረቀውን፣ ሁሉንም አስቀድማ ተናገረች። እኔ ሰው እንዳይገባ በሩ ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቅ ነበር። ከውስጥ ስትቆጣ ይሰማኛል፤ ገና ምንም ያላጠፋችን ልጅ ትቆጣለች። ከዚያ በራሷ ትስቃለች። ከዚያ ደግሞ ዝም ትላለች።

ሆስፒታል ገባች፣ ወጣች፣ ዳነች። ድምፅዋ እዚያው ቀረ። አንገቷ ላይ የቀረችውን ቀዳዳ በስስ ሻርፕ ትሸፍናለች። ትንሽ ነጭ ሰሌዳ በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ የፈለገችውን በማርከር ጽፋ ታሳያለች፤ በመዳፏ ታብሳለች። ያን ጊዜ እኔ ፊደል የሚባል አላውቅም። እሷ ጽፋ ትዘረጋልኛለች፤ እኔ ሰሌዳውን እንደ ሥዕል አየዋለሁ፤ ሁለታችንም እናለቅሳለን። ያስተማረኝ አማቼ ነው። ከሥራ ሲመለስ ፊደሎቹን በተቆረጠ ካርቶን ላይ ጽፎ፣ ጠረጴዛው ላይ በየቤታቸው ደርድሮ፣ «እማማ፣ እነዚህ ወንድማማቾች ናቸው። አባታቸው አንድ ነው፤ አንዱ እግሩን ዘርግቷል፣ አንዱ ጆሮው ላይ ቀለበት አድርጓል፤ ሌላ ልዩነት የላቸውም» ይለኝ ነበር። መጀመሪያ ያነበብኩት የልጄ ቃል «እማዬ ብርድ ብርድ አለኝ» የሚል ነው። ሮጬ ጋቢ አለበስኳት። ለዚህ ሰው እኔ ምን ክፉ ቃል ይወጣኛል?

ኮምፒውተሩ አሮጌ ነበር። ጋራዡ አዲስ ሲገዛ ለሠራተኛ ከሸጣቸው አንዱ ነው። አንድ ነገር ሲያዝዙት እንደ አዛውንት እያቃሰተ ነው የሚነሣው። ቢሮ ያለችው ጸሐፊ አንድ ፕሮግራም አሳየችው፤ ከዚያ በኋላ አማቼ ሌላ ሰው ኳስ ጨዋታ እንደሚያየው ያን ማየት ጀመረ። የኮምፒውተሩ መስኮት ላይ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ይደረደራሉ፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ፣ እዚህም እዚያም ጣል ጣል ያሉ አረንጓዴዎች። ከዚያ ቀስ በቀስ ቀዩ እየተነሣ ሰማያዊ ሆኖ ይሰለፋል።

«ምንድነው እሱ፣ ጥልፍ ነው?» አልኩት አንድ ቀን።

«ይቀመጡ እማማ፣ ላሳይዎት። እርስዎ አንድ ጆንያ ምስር መጣልዎት እንበል። ጎተራ የለዎትም። ምን ያደርጋሉ?»

«ባገኘሁት ዕቃ እገለብጠዋለሁ።»

«ግማሹን ድስት ውስጥ፣ ግማሹን ጣሳ ውስጥ፣ የቀረውን ኩባያ ውስጥ። ከዚያ 'ምስሩን በሙሉ አምጪ' ሲባሉ?»

«ቤቱን ስዞር እውላለሁ።»

«እሱም ሲዞር ነው የሚያቃስተው። አንዱን ፋይል ቆራርጦ ባገኘው ክፍት ቦታ ሁሉ በትኖታል፤ ቀዩ የተበተነው ነው። ይኼ ፕሮግራም እየለቀመ ባንድ ቦታ ያስቀምጥለታል።»

«ነጩስ?»

«ነጩ ባዶ ነው።»

«አረንጓዴውስ ለምን አይነቃነቅም?»

«እሱ የኮምፒውተሩ የራሱ ፋይል ነው። ቆሞ እያለ እግሩን እንደማንሣት ነው፤ ይወድቃል። እሱንም የሚያስተካክል አለ፤ ገና ሳይነቃ፣ ሲነሣ ነው የሚሠራለት» አለኝ። ዓይኑ ያበራል። የሰው ልጅ በዚህ ይደሰታል ወይ ብዬ ሳቅሁ። እኔም ግን አብሬው ቁጭ ብዬ አየሁ፤ ቀዩ ሲያልቅ እንደ እሱ ደስ አለኝ።

የልጄን ድምፅ ማንም አልሰማውም ነበር። የተስማሙት እንደዚያ ነው። ልጅቷ ከፍ ብላ ራሷ እስክትጠይቅ ይቀመጥ፤ ጠይቃ ስትሰማ መጀመሪያ የምትሰማው እሷ ትሁን ተባባሉ። ልጄም ብትሰማው የምትችለው አልመሰላትም። አማቼ ገና ቀረጻው ሳይጀመር «የእናት ድምፅ» የሚል ፎልደር ከፍቶ ስሙን ጽፎ «እዚህ ውስጥ አስቀምጪው» ብሏት ነበር። ከዚያ በኋላ ከፍቶት አያውቅም። በተቀመጠበት ይኖራል ብሎ አመነ፤ የደረደረው ነገር ከድቶት ስለማያውቅ።

ትንሿ የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት ገባች። አንድ ቀን ቦርሳዋን ሳታወርድ መጥታ እናቷ ፊት ተገተረች።

«እማዬ፣ የሌሎቹ እናቶች በሩ ላይ ሆነው ይጠሯቸዋል። አንቺ ድምፅ ነበረሽ?»

«ነበረኝ» ብላ ጻፈች ልጄ።

«ምን ዓይነት?»

ልጄ ባሏን አየችው፤ እሱም አያት። ከዚያ ረጋ ብላ ጻፈች፤ ትንሿ ገና ፊደል እየለየች ስለሆነ ያነበብኩላት እኔ ነኝ፤ እኔና እሷ አንድ ክፍል ነን ማለት ይቻላል። «ለልደትሽ ቀን ታደምጪዋለሽ» ነው የሚለው። ልጅቱ እየዘለለች ወጣች። ግቢው ሁሉ፣ መንገዱ ሁሉ ሰማ።

«እናቴ ለልደቴ ልትናገር ነው!»

አማቼ ለዚያ ቀን መዘጋጀት ጀመረ። አዲስ ድምፅ ማጉያ ገዝቶ መጣ። ኮምፒውተሩ ሞልቶ ስለነበር ቦታ ላስለቅቅለት ብሎ እሑድ ጠዋት ተቀመጠ። የጋራዡን የድሮ ፋይል አጠፋ፤ የማይሠሩ ፕሮግራሞችን አጠፋ። አንድ ጥግ ላይ «አዲስ ፎልደር» የሚል አገኘ። ስም ያልተሰጠው። ከፍቶም አላየው። አጠፋው፤ የጠፋ ፋይል የሚጣልበትን የኮምፒውተሩን ቅርጫትም አራገፈ።

ከዚያ ድምፅ ማጉያውን ሊሞክር «የእናት ድምፅ» የሚለውን ከፈተ። ባዶ ነው።

ግቢ ወጣ። ልጄ የትንሿን ፀጉር እያጠበች ነበር። እንደ ዋዛ፣ «ያን ድምፅ የት ነበር ያስቀመጥሽው?» አላት። እጇን በጉልበቷ አብሳ ጻፈች፦ «ስም ሳልሰጠው ተውኩት። ያኔ ቸኩዬ ነበር። አዲስ ፎልደር የሚል ውስጥ አለ።»

«እሺ» አለ። ወጥ ቤት ገብቶ ያለሁበት መጥቶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«እማማ፣ እኔ ነኝ የጣልኩት» አለኝ። ምን እንደጣለ እስኪነግረኝ ሽንኩርቱ በእጄ ላይ ነበር።

ኮምፒውተር ጠጋኙ ጋ ደወለ። እሑድ ስለሆነ ሱቁን አልከፈተም። ድምፁን ለእኔም እንዲሰማኝ አድርጎ ያዘው።

«አትደንግጥ ወንድሜ» አለው ሰውዬው። «የጠፋ ፋይል ወዲያው አይሞትም። ከላዩ ስሙ ነው የሚነሣው እንጂ ራሱ እዚያው ዲስኩ ውስጥ ተኝቷል። ስንቱን አውጥቻለሁ! ነገ ይዘኸው ና።»

አማቼ ስልኩን ዘጋና እጄን ሳመኝ። «ሰሙ እማማ? እዚያው ተኝቷል!» አለኝ። እንባውና ሳቁ ተቀላቅሎበት ነበር። «ለእሷ አይንገሩብኝ። ነገ መልሼው ጉዱን አብረን እንስቅበታለን።»

«ከእኔ አይወጣም» አልኩት።

ከዚያ ሥራውን ጀመረ። የኮምፒውተሩን ሆድ ከፍቶ አቧራውን በቀለም ብሩሽ አወጣ። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ወለወለ። መልሶ ገጠመና አስነሣው። ያን ፕሮግራም ከፈተ። ነጭ በነጭ ሆኖ፣ በመካከሉ ቀዩ ተበትኖ ታየ፤ ያን ሁሉ ሲያጠፋ ክፍቱ በዝቷል።

«ዛሬ ደግሞ ምን ያደርግልሃል?» አልኩት።

«እማማ፣ የእሷ ድምፅ ተቆራርጦ የትም የትም ተበትኖ ይሆናል። እንዲህ እንደተዝረከረከ ይዤ ብሄድ ሰውዬው ምን ይለኛል? ሁሉን በየቦታው ብሰበስብለት ደግሞ ለእሱም ለመፈለግ ይቀለዋል።»

እውነት ነው አልኩ። ለእኔም እውነት መሰለኝ፤ ምስሩን አስታወስኩ። ሻይ አመጣሁለት። ጎን ለጎን ተቀምጠን አየን። ቀዩ ይነሣል፣ ነጩ ላይ ያርፋል፣ ሰማያዊ ይሆናል። ነጩ ላይ ያርፋል፣ ሰማያዊ ይሆናል። ከውጭ የትንሿ ሳቅና የውሃው ድምፅ ይሰማል። ያ አልቆ ደግሞ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አስነሣው፤ ሳይነቃ በፊት የሚሠራውን፣ የራሱን ፋይሎች የሚያስተካክለውንም አሠራለት። አንድም ነገር አልቀረውም። ሲጨርስ በንጹሕ አንሶላ ጠቀለለው።

በማግሥቱ አብሬው ሄድኩ፤ እሱ ኮምፒውተሩን፣ እኔ ገመዶቹን በዘንቢል ይዤ። ሱቁ ጠባብ ነው፤ የተፈታታ ዕቃ በየቦታው ተቆልሎ አማቼ የት እንደሚቆም ጨነቀው። ጠጋኙ ገና ጎልማሳ ነው፤ ተጫዋች ሰው።

«እናቴ፣ ይቀመጡ፤ ያን ኪቦርድ ገፋ ያድርጉት፣ አይነክስም» አለኝ። አንሶላውን ሲፈታ ፉጨት አወጣ። «ወንድሜ፣ ይኼ ኮምፒውተር ነው ወይስ ሙሽራ? ዕድሜዬን እንዲህ ንጹሕ አልመጣልኝም።»

አማቼ ደስ አለው። እኔም ደስ አለኝ።

ሰውዬው ዲስኩን አውጥቶ ከራሱ ማሽን ጋር አገናኘው። አየ። ፊቱን ወደ ኮምፒውተሩ መስኮት አስጠግቶ እንደገና አየ።

«ከጠፋ በኋላ ምን ነካህበት?»

«ምንም። አጸዳሁት ብቻ።»

«በጨርቅ?»

«በጨርቅም። ከውስጥም። የተበተነውን ሰብስቤ ደረደርኩት። ሲነሣ የሚሠራውንም አሠራሁለት፤ የራሱንም ፋይሎች» አለ፤ ምርቃት እንደሚጠብቅ ልጅ ሆኖ።

ጠጋኙ እጁን ከማውሱ ላይ አነሣ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ሕፃን እንዳያስፈራ እንደሚጠነቀቅ ሰው፣ ተናገረ።

«ወንድሜ፣ ስታጠፋው ቦታው 'ባዶ ነው' ተባለ እንጂ ድምፁ እዚያው ነበር። ያ ፕሮግራም ደግሞ ባዶ የተባለ ቦታ ይፈልጋል። ሌላውን ሁሉ እያነሣ እዚያ ላይ ነው የሚያስቀምጠው።»

«ነጩ ላይ» አለ አማቼ።

«ነጩ ላይ።»

«እሷ ያለችው ነጩ ውስጥ ነበር?»

«ነጩ ውስጥ ነበር።»

አማቼ ዘወር ብሎ አየኝ። ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ ሻይ እየጠጣን፣ አንድ በአንድ ሲሞላ አይተናል።

ጠጋኙ የሚችለውን ሞከረ፤ ምሳ ሰዓቱ እስኪያልፍ ሞከረ። የፋይሎቹን ዝርዝር አገኘ፤ መስኮቱ ላይ ተርታውን ይዘው ወጡ። አማቼ ብድግ አለ። «ይኸው! አሉ እኮ!»

«ስማቸውና ርዝመታቸው ነው ያለው። ውስጣቸው የሌላ ነው።»

«አጫውተው።»

አጫወተው። በቆርቆሮ ላይ የሚወርድ በረዶ የመሰለ ጩኸት ነው የወጣው። ሁለተኛውም ያው። ሌላውም። አንደኛው ላይ ብቻ፣ ከበረዶው በፊት፣ አንድ ትንፋሽ ተሰማ። የልጄ ትንፋሽ ነው። ልትናገር ስትል አየር የምትስበው። ከዚያ በረዶው ዋጠው።

«መልሰህ አጫውተው» አለ አማቼ። መለሰለት። «እንደገና።» መለሰለት። «አንድ ጊዜ ብቻ።» ሰውዬው ደጋግሞ መለሰለት፤ በመጨረሻ ትከሻውን ያዘውና «ይበቃሃል ወንድሜ» አለው።

መንገድ ላይ ኮምፒውተሩን አቅፎ ከፊቴ ይሄዳል። አንሶላው ተፈትቶ መሬት ይጎተታል፤ አላነሣውም። «ቅንድብ ላበጅ ብዬ ዓይን አጠፋሁ፣ እማማ» አለኝ። ሳያውቅ ነው ልበለው? ማወቁንማ አላወቀም። ያለማወቅ ግን የሄደውን አይመልስም።

ያን ሳምንት የልጄ ድምፅ የተረፈበትን ቦታ ፍለጋ ዋለ። መናኸሪያ ሄደ። አሁን እዚያ የሚናገረው ማሽን ነው፤ የማናውቃት ሴት ድምፅ ተሞልቶበታል። የድሮውን የስምሪት ኃላፊ አግኝቶ ቢጠይቀው፣ «ማን ያስቀምጠዋል? ትናገራለች፣ ሰው ይሳፈራል፣ አለቀ» አለው። የሠርጋቸውን ቪዲዮ አውጥቶ አየ። ልጄ አፏን ከፍታ ትስቃለች፣ ለሚዜዋ የሆነ ነገር ትላለች፤ ቪዲዮውን ያነሣው ሰው ከዳር እስከ ዳር ዘፈን ጭኖበታል። ከከንፈሯ በቀር ምንም የለም። ዘመድ ጋ ደወለ፤ ጓደኞቿ ጋ ደወለ። ሁሉም ስልክ ለውጠዋል፤ ሁሉም አጥፍተዋል። ማን ያውቃል የሰው ድምፅ እንደሚያልቅ?

ከልደቱ በፊት ነገራት። ልጄ ድንች እየላጠች ነበር። ፊቷ ቆሞ፣ ከአዲስ ፎልደሩ ጀምሮ እስከ ትንፋሿ ድረስ፣ ምንም ሳያስቀር ነገራት። መጀመሪያ ቀልድ መስሏት ፈገግ አለች። ከዚያ እኔን አየችኝ። እኔ ዓይኔን ሰበርኩ። ቢላዋውን አስቀመጠች። ምንም ያልተጻፈበትን ሰሌዳ በመዳፏ ጠረገችው፤ ክሩን ከአንገቷ አውልቃ በሩ ላይ ካለው ምስማር ሰቀለችው።

ድምፅ የሌላት ሴት ስትኮርፍ ምን እንደሚመስል የማያውቅ አይወቀው። ሌላው ሰው ሲኮርፍ ቢያንስ ዝምታው ይታወቃል። የእሷ ምኑ ይታወቃል? ምግብ ታቀርባለች፣ ልብስ ታጥባለች፣ ልጅቱን ትምህርት ቤት ታደርሳለች። ሰሌዳው ተሰቅሏል። አማቼ ሲያልፍ ሰሌዳውን ያያል፤ ነጭ ነው።

የልደቷ ቀን ትንሿ ፀጉሯን ተሠርታ፣ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ ትጠብቃለች። አባቷ ተንበረከከላት።

«የእናትሽ ድምፅ ጠፍቷል፣ ልጄ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«ፈልገዋ።»

«ፈለግኩ።»

«አንተ ሁሉን ነገር ታገኝ የለ?»

ልጅቱ ፊቱን አየች፤ እናቷን አየች፤ እኔን አየችኝ። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለን ነበር።

«እሺ እንዴት እንደነበር ንገሩኝ» አለች።

«ቀጠን ያለ ነበር» አልኳት። «ቀጭን፣ የሚጣፍጥ።»

«አይ እማማ» አለ አማቼ ቀስ ብሎ፣ «ወፈር ያለ ነው።»

«እኔ አይደለሁም እንዴ የወለድኳት? ቀጭን ነው።»

«እርስዎ የያዙት ልጅ ሳለች የነበራትን ነው።»

«አንተስ የያዝከው የድምፅ ማጉያውን አይደለም?»

የሁለታችንም እውነት ነው። እሱ በልቡ የያዘው የብረት ቀፎ ውስጥ ያለፈውን ነው፤ እኔ የያዝኩት ውሃ ቀጂ ስላት እሺ የምትለኝን ልጅ ነው። በመካከል ያለችውን ሴት፣ እዚያ ብርድ ልብስ ጋርዳ ልጇን አስቀድማ የተቆጣችውን፣ ሁለታችንም አልያዝናትም። ልጄ በሩ ላይ ቆማ ሁሉን ሰምታለች።

ሰሌዳውን ከምስማሩ አወረደች። አማቼ ከተንበረከከበት ሳይነሣ አያት፤ እርግማንም ቢሆን ለመቀበል የተዘጋጀ ይመስላል። ጻፈች፦ «ከሥራ ገብተህ ስትጠራኝ ምን እልህ ነበር?»

«ወዬ» አላት። «ወዬ ነበር የምትዪኝ።»

ጠረገችው። «እንዴት አድርጌ?»

አማቼ «ወዬ» አለ በራሱ ድምፅ። ራሱን ነቀነቀ፤ አይደለም። «ወዬ» አለ ቀጠን አድርጎ። ልጄም ራሷን ነቀነቀች። እኔም ሞከርኩ፤ «ወዬ» ብል የወጣው የአሮጊት ድምፅ ነው። ትንሿ ጨዋታ መሰላት። ከወንበሩ ዘላ ወርዳ «ወዬ! ወዬ!» እያለች ቤቱን ትዞረው ጀመር።

ልጄ ከአፋችን ወደ አፋችን ታያለች። ራሷን ለመስማት ትጠብቃለች። አንዳችን በተናገርን ቁጥር አይደለም እያለች ራሷን ትነቀንቃለች። ቆይታ ቆይታ መነቅነቋንም ተወችው፤ የቱ እንደነበረ እሷም አላወቀችውም።